ገንዘብ ተቀባዩ ዳኛ ሲሆን፦ የያኦይ መጻሕፍትና የካርድ ኩባንያዎች ጉዳይ

(በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በኤፕሪል 2024 መጀመሪያ ላይ ዲኤልሳይት የተባለ የጃፓን የኢንተርኔት መደብር ደንበኞቹ በቪዛ፣ በማስተርካርድና በአሜሪካን ኤክስፕረስ ካርድ መክፈል እንደማይችሉ አስታወቀ። መደብሩ የሚሸጠው ግለሰቦች በራሳቸው ጉልበትና ወጪ ያዘጋጇቸውን የሥዕል መጻሕፍት፣ ጨዋታዎችና የድምፅ ትረካዎች ነው። ከሻጮቹ መካከል ያኦይ በመባል የሚታወቁትን የሥዕል ታሪኮች የሚያዘጋጁ ሴቶች ይገኙበታል። ፖሊስ አልመጣም፤ ፍርድ ቤት አልተቀመጠም፤ አዲስ ሕግም አልወጣም። የተዘጋው የገንዘቡ መንገድ ብቻ ነው።

«የጃፓን ገበያ ቢዘጋ ባይዘጋ ለእኛ ምናችን ነው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ሆኖም ጉዳዩን ልንመረምረው የሚገባን ሁለት ምክንያቶች አሉ። አንደኛ፣ የጃፓን የሥዕል ታሪክ ጃፓን ውስጥ አልቀረም። በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ የሚያድጉ የወገኖቻችን ልጆች በትምህርት ቤትና በከተማ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያ ላይ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በስልካቸው ላይ ያገኙታል። ሁለተኛ፣ ዛሬ በእነዚህ መጻሕፍት ላይ የተሠራው መዝጊያ ነገ በማንም መጽሐፍ ላይ ሊዘጋ ይችላል።

የያኦይ ታሪኮች ስለ ጋብቻ ከምናስተምረው ጋር እንደማይስማሙ የዚህ ገጽ አንባቢ ያውቃል። ያንን ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ ማንበብ አያስፈልገውም። እዚህ የምናነሣው ጥያቄ ሌላ ነው። አንድ መጽሐፍ ለማን ይሸጥ፣ ለማን አይሸጥ የሚለውን የሚወስነው ማን ነው? የሚወስነውስ በየትኛው ደንብ ነው? ደግሞስ ውሳኔው ልጆችን በእርግጥ ይጠብቃል ወይ?

ለመሆኑ ያኦይ ምንድን ነው?

ማንጋ የጃፓን የሥዕል ታሪክ ነው። ያኦይ ደግሞ በሁለት ወንዶች መካከል የሚደረግ ፍቅርን የሚተርክ፣ በአብዛኛው በሴቶች ተጽፎ በሴቶች የሚነበብ የማንጋ ዓይነት ነው። ዛሬ በመጻሕፍት መደብሮች «ቦይስ ላቭ» ወይም በአጭሩ «ቢ ኤል» የሚለው ስም ይበልጥ ይታወቃል። ያኦይ የሚለው ቃል አመጣጡ ቀልድ ነው። «ጡዘት የለውም፣ መቋጫ የለውም፣ ትርጉም የለውም» የሚል ፍቺ ካላቸው ሦስት የጃፓንኛ ሐረጎች የመጀመሪያ ድምፆች ተገጣጥሞ የተሠራ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በራሳቸው ወጪ መጽሔት ያሳትሙ የነበሩ ሴቶች በገዛ ሥራቸው ላይ ለማሾፍ ያወጡት ስም ነበር።

ከዚያ በፊት መንገዱን የጠረጉ ታላላቅ የማንጋ ሠዓሊዎች ነበሩ። ሃጊዮ ሞቶ በ1974፣ ታኬሚያ ኬይኮ በ1976 በወንድ ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚካሄዱ የፍቅርና የሐዘን ታሪኮችን ለልጃገረዶች በሚታተሙ መጽሔቶች ማውጣት ጀመሩ። በ1978 ደግሞ ለዚሁ ዓይነት ታሪክ ብቻ የተለየች ጁኔ የተባለች መጽሔት ተመሠረተች። ታኬሚያ ከ2014 እስከ 2018 የኪዮቶ ሴይካ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆነው አገልግለዋል። እንግዲህ ነገሩ ከጓዳ የተደበቀ ሳይሆን የአገሪቱ የሥዕልና የሕትመት ባህል አካል ሆኖ ያደገ መሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

መጻሕፍቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በአንዳንዶቹ ውስጥ ከመተያየትና ከመናፈቅ ያለፈ ነገር የለም። ሌሎቹ ግን ለአዋቂ ብቻ የሚሸጡ፣ ሩካቤን በግልጽ የሚያሳዩ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለወላጅም ለሕግ አውጪም ትልቅ ነገር ነው፤ ሁሉን በአንድ ስም ጠቅልሎ የሚናገር ሰው አንዱንም አያውቀውም።

ተቃውሞው ከሃይማኖት ሰዎች ብቻ የመጣ እንዳይመስለን። በ1992 አንድ ጃፓናዊ፣ ራሱ ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መብት የሚሟገት ሰው፣ በአንዲት ትንሽ የሴቶች መጽሔት ላይ ጠንካራ ትችት ጻፈ። እነዚህ ሴቶች የእኛን ሕይወት ሳያውቁ ለመዝናኛቸው ይጠቀሙበታል የሚል ነበር። ከደራሲዎቹና ከአንባቢዎቹ መካከል የተቆጡም የተጸጸቱም ነበሩ፤ ክርክሩም ለዓመታት በጽሑፍ ቀጠለ። ከሳሹ ስም ነበረው፣ ተከሳሾቹም መልስ የመስጠት ዕድል ነበራቸው። ይህን ነጥብ ልብ እንበለው፤ ወደ በኋላ ይጠቅመናል።

በራስ ወጪ፣ በራስ ጠረጴዛ

በጃፓን ግለሰቦች ራሳቸው የሚያሳትሙት መጽሐፍ ዶጂንሺ ይባላል። የዶጂንሺ ትልቁ ገበያ ኮሚኬት ነው። ኮሚኬት በዲሴምበር 1975 ቶኪዮ ውስጥ በ32 ቡድኖችና በ700 ያህል ጎብኚዎች ተጀመረ። ከጎብኚዎቹ የሚበዙት ልጃገረዶች ነበሩ። በኦገስት 2019 በአራት ቀናት ውስጥ ወደ 730 ሺህ የሚጠጋ ሰው አስተናግዷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ደራሲዋ ቀን በሥራዋ ላይ ትውላለች፤ ማታ ትሥላለች። ገጾቹ ሲያልቁ ለዚሁ ዓይነት ሥራ ወደ ተቋቋመ ማተሚያ ቤት ትልካለች፤ የሕትመቱን ዋጋ ከደመወዟ ትከፍላለች። ጥቂት ደርዘን ወይም ጥቂት መቶ ቅጂዎች ይታተሙላታል። በገበያው ቀን ከአንድ ሜትር በማትበልጥ የጠረጴዛ ቦታ ላይ ደርድራ ትቀመጣለች። አንባቢዋ መጥታ ትገልጣለች፤ ከወደደችው ጥቂት መቶ የን ከፍላ ትወስዳለች። ካልወደደችው አመስግና ታልፋለች። ብዙዎቹ ደራሲያን ወጪያቸውን እንኳ አይመልሱም፤ የሚመለሱት ግን በሚቀጥለው ዓመትም ነው።

ከዶጂንሺ የሚበዛው በታወቁ ታሪኮች ውስጥ ያሉ ገጸ ባሕርያትን ተውሶ የሚሠራ ነው። ይህ የባለቤትነት መብት ባለው ኩባንያ ዝምታ ላይ የቆመ ነው፤ ኩባንያው በቃ ካለ ያበቃል። ከዚህ የተለየው ግን ደራሲዋ ገጸ ባሕርያቱን ከራሷ አፍልቃ የምትሠራው ነው። ኮሚቲያ የተባለው ገበያ ከ1984 ጀምሮ የሚቀበለው እንዲህ ዓይነቱን ሥራ ብቻ ነው፤ በቶኪዮ በዓመት አራት ጊዜ ይካሄዳል። ጄ ጋርደን የተባለ ሌላ ገበያ ደግሞ የተለየው ለወንዶች የፍቅር ታሪኮች፣ ያውም ለፈጠራ ሥራዎች ነው።

የፈጠራ ሥራ ለምን ይለያል? ምክንያቱም ከማንም ያልተወሰደ ነው። አርታኢ አላዘዘውም፤ አሳታሚ አልከፈለበትም። ለተጻፈው ነገር ተጠያቂዋም ባለቤቷም ደራሲዋ ብቻ ናት። ዮሺናጋ ፉሚን የመሰሉ ታዋቂ ሠዓሊዎች የተነሡት ከዶጂንሺ ጠረጴዛ ነው። ዮሺናጋ ዝነኛ ከሆኑም በኋላ ለመጽሔት ያልሆነላቸውን የገዛ ታሪካቸውን ተከታይ በራሳቸው ወጪ ያሳትሙ ነበር። ስለዚህ የክፍያው መንገድ ሲዘጋ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጎዳው ትልቁ አሳታሚ አይደለም፤ ከጀርባዋ ማንም የሌላት ይህች ግለሰብ ናት።

ሦስት በረኞች

እነዚህን መጻሕፍት ለመቆጣጠር በተለያየ ቦታና ጊዜ ሦስት ዓይነት በረኞች ቆመዋል። አንድ በአንድ እንያቸው።

1ኛ. የተጻፈ ሕግ። በ1907 የወጣው የጃፓን የወንጀል ሕግ አንቀጽ 175 ጸያፍ ነገር ማሰራጨትን ይከለክላል። ጥፋተኛ የተባለ ሰው እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 2.5 ሚሊዮን የን መቀጮ ሊደርስበት ይችላል። በዚህ ምክንያት ለአዋቂ በሚሸጡ ሥዕሎች ላይ ሐፍረተ ሥጋ በጥቁር መስመር ወይም በብዥታ ይሸፈናል። ኮሚኬትም የመጽሐፍ ናሙና ሳይቀበልና ሳይመረምር ሽያጭ አይፈቅድም፤ በደንቡ መሠረት ያልተሸፈነ ከሆነ ያስቆማል። የቶኪዮ ምክር ቤት ደግሞ በዲሴምበር 2010 የወጣቶች ጥበቃ ደንቡን አጠበቀ። ለታዳጊዎች የማይመች ተብሎ የተሰየመ መጽሐፍ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አይሸጥም፤ ታሽጎና ተለይቶ ይቀመጣል። ከተሰየሙት መካከል ብዙ የቢ ኤል መጻሕፍት አሉ። በወቅቱ ታላላቅ አሳታሚዎች ደንቡን በመቃወም በቶኪዮ የአኒሜ ትርዒት አንሳተፍም እስከ ማለት ደርሰው ነበር።

የሕግ በረኛ ይሳሳታል። በ2008 በኦሳካ አቅራቢያ ባለችው የሳካይ ከተማ ቤተ መጻሕፍት ከተቃዋሚዎች አቤቱታ ሲደርሰው 5,499 የቢ ኤል መጻሕፍትን ከመደርደሪያ አንሥቶ ወደ ዕቃ ቤት አስገባ። ሌሎች ነዋሪዎች ደግሞ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እንዲህ ሊያደርግ አይገባም ብለው ተከራከሩ፤ ቤተ መጻሕፍቱም እርምጃውን መለሰ። በማን ወገን ብንቆም ክርክሩ በአደባባይ እንደተካሄደ እናያለን።

2ኛ. እስር ቤት። በቻይና በኦክቶበር 2018 በአንሁዊ ግዛት ያለ አንድ የወረዳ ፍርድ ቤት በአንዲት ደራሲ ላይ የ10 ዓመት ከ6 ወር እስራት ፈረደ። ጥፋቷ በወንዶች መካከል ያለ ግልጽ የሩካቤ ታሪክ የያዘ ልብ ወለድ ራሷ ጽፋ ማሳተሟና መሸጧ ነው። የተሸጠው ከ7,000 ቅጂ በላይ፣ የተገኘው ትርፍም 150 ሺህ ዩዋን ያህል እንደሆነ ተዘገበ። ቅጣቱን ያከበደው የገንዘብ መለኪያ በ1998 የወጣ ነበር፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ዋጋው ሁሉ ሲንር መለኪያው አልተነካም። በዚያው አገር ሴት ከደፈሩ ሰዎች ፍርድ ጋር እያነጻጸሩ ብዙዎች አዘኑ፣ ተቆጡም። በ2024ና በ2025 ደግሞ ታይዋን ባለ አንድ ድረ ገጽ ላይ ተመሳሳይ ልብ ወለድ የሚጽፉ ብዙ ሴቶች በቻይና ፖሊስ ተጠርተው ተጠየቁ፤ የተፈረደባቸውም አሉ።

3ኛ. ገንዘብ ተቀባዩ። ይህ አዲሱ በረኛ ነው። ቪዛና ማስተርካርድ ከመደብሩ ጋር በቀጥታ አይዋዋሉም። መደብሩ የሚዋዋለው ከአንድ ባንክ ወይም ከክፍያ አገናኝ ድርጅት ጋር ነው። የካርድ ኩባንያው ጠቅላላ ደንብ ያወጣል፤ አገናኙ ድርጅት መቀጮን ይፈራል፤ ስለዚህም ከሚያስፈልገው በላይ ይቆርጣል። ዲኤልሳይት በማርች 2024 መጨረሻ ላይ የካርድ ኩባንያዎችን ለማስደሰት የአንዳንድ ሥራዎችን መለያ ቃላት በሌላ ቃል ለወጠ። አልጠቀመውም፤ በቀናት ውስጥ ካርዶቹ ተቋረጡ። ሜሎንቡክስ የተባለው የዶጂንሺ መደብርም በዲሴምበር 2024 ከቪዛና ከማስተርካርድ ውጪ ሆነ። የጃፓን የራሷ የሆነው የጄሲቢ ካርድ ስላለ የአገሬው ሰው መላ አያጣም። ከጃፓን ውጪ ላለው አንባቢ ግን መደብሩ የተዘጋ ያህል ነው።

እርምጃው ያኦይን ብቻ ለይቶ የመጣ አይደለም፤ ለወንዶች የሚዘጋጁ የአዋቂ ሥራዎች ይበልጥ የተነኩ ናቸው። ነገር ግን ሁሉም የሚከፈልባቸው በአንድ መስኮት ስለሆነ መስኮቱ ሲዘጋ ሁሉም ውጪ ይቀራሉ።

ውሳኔው የማን ነው ብለን ስንጠይቅ ነገሩ ይጠፋብናል። በዲሴምበር 2024 የቪዛ የጃፓን ኃላፊ ሕጋዊ ግዢን አንከለክልም፣ ሆኖም የኩባንያውን ስም ለመጠበቅ አልፎ አልፎ መከልከል ግድ ይሆናል የሚል መንፈስ ያለው መልስ ለጋዜጠኞች ሰጡ። በጁላይ 2025 አንድ የአውስትራሊያ ዘመቻ አድራጊ ቡድን ለክፍያ ድርጅቶች ደብዳቤ ከላከ በኋላ ኢች የተባለው የግለሰቦች ጨዋታና ኮሚክ መሸጫ ድረ ገጽ ለአዋቂ የተባሉ ሥራዎችን በሙሉ ከፍለጋ ገጹ ሰወረ። ማስተርካርድ ይህን አላዘዝኩም፣ ሕጋዊ ግዢን ሁሉ እፈቅዳለሁ አለ። ስቲም የተባለው የጨዋታ ገበያ ባለቤት ደግሞ አገናኝ ድርጅቶቹ የጠቀሱት የማስተርካርድን ስም የማስጠበቅ ደንብ ነው ሲል መለሰ። እንግዲህ በሩ ተዘግቷል፤ የዘጋሁት እኔ ነኝ የሚል ግን አልተገኘም።

ልጆችን የጠበቀው የትኛው ነው?

ዘመቻውን ያካሄዱት ሰዎች ክርክር በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። ሴት መድፈርን እንደ መዝናኛ የሚያሳዩ ሥራዎች በአደባባይ ይሸጣሉ፤ መንግሥታት ይዘገያሉ፤ ኩባንያም ከእንዲህ ዓይነት ነገር ትርፍ ላለማግኘት መብት አለው ይላሉ። ጃፓን በሕፃናት ላይ የተፈጸመ በደል የሚታይባቸውን ምስሎች መያዝን በወንጀል የደነገገችው በ2014 ነው፤ ሥዕልን ግን ከሕጉ ውጪ አድርጋለች። ይህ የወላጅን ልብ የሚያሳስብ ጉዳይ ነው፤ ማሳሰቡም ተገቢ ነው።

ይሁን እንጂ አንድ የሰፈር ባለ ሱቅ ይህን ዕቃ አልሸጥም ቢል ገዢው ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሄዳል። ከቻይና ውጪ ያለው አብዛኛው የካርድ ክፍያ ግን በእነዚህ ጥቂት ኩባንያዎች በኩል ያልፋል። የሚቀጥለው ሱቅም የሚጠቀመው ያንኑ ካርድ ነው። ይህን የሚያህል ሥልጣን ያለው አካል ስሜን ላስጠብቅ ከማለት የተሻለ ምክንያት ሊሰጥ ይገባዋል።

ደግሞ አንድ ቀላል ጥያቄ እንጠይቅ። በካርድ የሚከፍለው ማን ነው? አዋቂው ነው። በጃፓን የባንክ ብድር ካርድ ለማግኘት 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። መደብሩ ዕድሜ ይጠይቃል፤ ለአዋቂ የሆነውን ይለያል፤ ሕግ ቢጣስ ተጠያቂ የሚሆን አድራሻ አለው። የ13 ዓመት ልጅ ግን ካርድ የለውም። እሱ የሚያየው ከደራሲዋ ተሰርቆ ያለ ፈቃድ ተተርጉሞ በነጻ የተለጠፈውን ነው። የሌባው ድረ ገጽ ዕድሜ አይጠይቅም፤ ካርድም አያስፈልገውም፤ የሚኖረው በማስታወቂያ ነው። በጃፓን ከሁሉ የገነነው ማንጋሙራ የተባለ የስርቆት ድረ ገጽ በ2018 ተዘጋ፤ ባለቤቱም በ2021 የሦስት ዓመት እስራት ተፈረደበት። ይህን ያደረገው የተጻፈ ሕግ ነው፤ የካርድ ኩባንያ አይደለም።

አበው «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» የሚሉት እንዲህ ያለውን ነው። ዕድሜ የሚጠይቀው መደብር ሲዳከም አንባቢው ዕድሜ ወደማይጠይቀው ይፈልሳል። ደራሲዋ ገንዘቧን ታጣለች፤ ልጁ ደግሞ ከበፊቱ ይልቅ የቀረበውን ነገር ያገኛል። እርምጃው የታቀደው ለጥበቃ ከሆነ ዒላማውን ስቷል።

ስለዚህ በእነዚህ መጻሕፍት የማንስማማ ሰዎች ገበያው ሲዘጋ ለማጨብጨብ አንቸኩል። «የጨው ገደል ሲናድ ሞኝ ይልሳል፣ ብልህ ያለቅሳል» ይባላል። ዛሬ ያለ ክስ፣ ያለ ማስረጃና ያለ ይግባኝ የሚዘጋ መስኮት ነገ የሚዘጋበትን ምክንያት ለማንም አይነግርም። የስብከት ድምፅ የሚሸጥም፣ የፖለቲካ መጽሐፍ የሚያሳትምም፣ ለችግረኛ መዋጮ የሚሰበስብም ገንዘቡ የሚያልፈው በዚያው መስኮት ነው።

ምን ይሻላል?

ከሦስቱ በረኞች የተሻለው ሦስት ነገር የሚያሟላው ነው። የተከለከለው ነገር ምን እንደሆነ አስቀድሞ በግልጽ ይጻፍ። አዋቂውንና ልጁን ይለይ። የተከለከለበት ሰው ምክንያቱን አውቆ ለሌላ ዳኛ አቤት የሚልበት መንገድ ይኑረው። የቻይናው ፍርድ ቤት ሕግ ነበረው፤ ሚዛን ግን አልነበረውም። ገንዘብ ተቀባዩ ከሦስቱ አንዱንም አያሟላም። የቶኪዮው ደንብ ጉድለት ቢኖርበትም መጽሐፉን በስሙ ጠርቶ ስለሚሰይም ከሁለቱ ይሻላል፤ ሊተችም ሊታረምም ይችላል። ክፉ ነገር እንዲከለከል የሚፈልግ ዜጋ ድካሙን ወደ ሕግ አውጪው ቢያዞር ውጤቱ ይበልጥ የሚጸና ይሆናል።

ከሁሉ በፊት ግን የቤት ሥራ አለብን። በአሜሪካ የሚታተሙ የማንጋ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የዕድሜ ምልክት አላቸው። ለምሳሌ ቪዝ የተባለው አሳታሚ ለሁሉ የሚሆነውን፣ ለታዳጊዎች፣ ከፍ ላሉ ታዳጊዎችና ለአዋቂዎች የሚሆነውን በፊደል ይለያል። መጽሐፉን አገላብጦ ምልክቱን ለማየት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። በስልክ ላይ በነጻ የተለጠፈው ግን ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም፤ እዚያ የሚሠራው ጨዋታ ብቻ ነው። ልጅን «ምን እያነበብክ ነው? ምኑ ደስ አለህ?» ብሎ ያለ ቁጣ የሚጠይቅ አባት፣ መልሱንም እስከ መጨረሻው የሚሰማ እናት፣ ከየትኛውም የካርድ ኩባንያ ደንብ ይበልጥ ያውቃሉ። መልሱ ደስ ላያሰኘን ይችላል። ተቆጥተን ካቋረጥነው ግን ሁለተኛ አይነግረንም፤ ማንበቡን ግን አይተውም።

ቶኪዮ ውስጥ ከጠረጴዛዋ ኋላ የተቀመጠችው ደራሲ የገዢዋን ፊት ታያለች፤ ዕድሜዋን ትጠይቃለች፤ አይሆንም የማለትም ኃላፊነት አለባት። የወላጅም ቦታ እንዲሁ ፊት ለፊት ነው። ሩቅ አገር የተቀመጠ ገንዘብ ተቀባይ ሁለቱንም አያውቃቸውም፤ የልጆቻችንን ጥበቃ ለእሱ ትተን አንተኛ።